እስክስታ ሳልችል እስክስታ ያስተማርኩበት ሰሞን

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ከሪከንባከር አየር ማረፊያ የመጋዘን ሥራ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ያኔ ቀን ቀን የምሠራው አልነበረኝም፣ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ የትም ቢጠሩት ይሄዳል። በረዶ ነበረ ልላችሁ ስል ዝናቡም ትዝ ይለኛል። እዚህ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ላይ ሁለቱም በአንድ ቀን ይመጣሉና እሱም ማስረጃ አይሆነኝም። የልጅ ልጄ ሄርሜላ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ነበር። እንግዲህ በዚህ አስሉት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ እስክስታ አልችልም። አንዳንድ ሰው አልችልም ይልና ከበሮው ሲመታ ትከሻው ብቻውን ትቶት ይሄዳል። የኔ እንደዚያ አይደለም። የኔ ትከሻ ሣጥን ለመሸከም የተሠራ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ተሸከመ፣ መጨረሻ ላይ ቀኙ ወደ ላይ አልወጣም ብሎ ቀረ። ኮት ስለብስ መጀመሪያ ቀኙን እለማመጠዋለሁ። እሱ ከገባልኝ ግራው እንደ ታዛዥ ልጅ ይከተላል።

በጉብዝናዬም አልችልም ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ሰርግ እንዴት አለፍከው ብትሉኝ፣ ሥራ በመያዝ ነው። ድንኳን እተክላለሁ። ድንኳን የተከለ ሰው ደክሞታል ተብሎ ይተዋል። ድንኳን በሌለበት ሕፃን እታቀፋለሁ፤ ሕፃን የታቀፈን ሰው ተነስ ጨፍር የሚል የለም፣ እናቲቱም ትመርቃለች። ከሁሉም የሚሻለው ግን ለቪዲዮ ቀራጩ መብራት መያዝ ነው። መብራት የያዘውን ሰው ማንም አያየውም፣ ብርሃኑ ዓይናቸውን ይወጋዋል። በራሴ ሰርግ እንኳ ድንኳኑ ዘመመ እያልኩ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ በሦስተኛው ተከትላኝ ወጥታ፣ ካስማውን እያየች፣ "ይህ ድንኳን ካንተ ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል" አለችኝ።

ከዚህ የተነሳ ጭፈራን እንደኔ ያጠና ሰው ያለ አይመስለኝም። ሌባ የዘበኛውን ሰዓት እንደሚያውቀው፣ እኔም ማን መቼ እንደሚነሳ፣ ማንን እንደሚያስነሳ፣ የትኛው ጥግ እንደማይደረስበት አውቃለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጄ ሰናይት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ስለምትሠራና ደብል ሺፍት ስለማይጠፋት፣ ሄርሜላን ከትምህርት ቤት የማወጣት እኔ ነበርኩ። ከሞርስ መንገድ ጀርባ ካለው አፓርታማችን ትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ በኔ እግር ሃያ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሄርሜላ ቀጭንና ረጅም የሆነች ፈረንጅ እየመራች መጣች። ሚስ ዳና ትባላለች፤ የጭፈራ አስተማሪ ናት።

እዚህ አገር ጭፈራ ትምህርት መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። ሒሳብ አለ፣ ንባብ አለ፣ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ጭፈራ አለ። በእኛ ጊዜ ክፍል ውስጥ ትከሻውን የነቀነቀ ልጅ የሚያገኘው ነገር ጭብጨባ አልነበረም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ በትከሻ ሳይሆን በሌላ ምክንያት።

ሚስ ዳና ተናገረች፤ ሄርሜላ አስተረጎመች።

"አባባ፣ የኢትዮጵያ ዳንስ ትችላለህ ወይ ትላለች።"

"ኧረ እኔ ምን እችላለሁ፤ አልችልም በያት።"

ሄርሜላ ዞራ አንድ ነገር አለች። የሚስ ዳና ፊት በራ።

"ክላሳችን መጥተህ ታሳየናለህ ወይ ትላለች።"

"አይ አይ፣ እኔ አይሆንልኝም፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ በያት።"

ይህን ስትተረጉም ትንሽ ረዘም አለ። ሚስ ዳና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"መቼ ትመጣለህ ትላለች።"

"ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ትከሻዬም ታሟል፤ በእግዚአብሔር ተዉኝ በያት።"

አሁንስ ሄርሜላ በሁለት እጇ ጭምር ነው የተናገረችው። ሚስ ዳና ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ቀኝ እጄን ይዛ እስኪያመኝ ነቀነቀችውና "ማክሰኞ" አለች። ማክሰኞን በእንግሊዝኛ አውቀዋለሁ፤ ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን ነው።

መንገድ ላይ ጠየቅኋት። "ምን ብለሽ ነው የተረጎምሽላት?"

"ማይ ግራንድፓ በኢትዮጵያ አንደኛ ዳንሰር ነው አልኳት።"

"አልችልም አይደለም እንዴ ያልኩሽ?"

"ዬስ። ሦስት ጊዜ አልክ።"

"ታዲያስ?"

ቆም ብላ አየችኝ፤ ያልገባኝ እኔ እንደሆንኩ ሁሉ። "ማሚ አስተምራኛለች። ትልቅ ሰው አይ በቃኝ ሲል ጨምሪልኝ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ካለ በጣም ይፈልጋል። አንተ ራስህ እሁድ ዕለት እንቁላሉን አልችልም፣ አልችልም፣ አልችልም ብለህ በላኸው።"

እውነቷን ነው። እንቁላሉን በልቼዋለሁ።

በማግስቱ ማታ ሰናይትን ለሚስ ዳና አስደውዬ ሁሉንም ነገር ላብራራ ብዬ ስዘጋጅ፣ ሚስ ዳና ቀድማ ለሰናይት ኮል አድርጋላት ኖሯል። ሰናይት ስልኩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ሄርሜላ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ክፍል ውስጥ አፏን ከፍታ አታውቅም ነበር። ጥያቄ ሲጠይቋት በጆሯቸው ነው የምታንሾካሽክላቸው። እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት። ዛሬ ጠዋት ግን እጇን አውጥታ ተነስታ ለክፍሉ ሁሉ ስላንተ ነገረች። ጮክ ብላ። አስተማሪዋ በደስታ አበደች።"

"ደግ ነው።"

"ደግ ነው። አሁን አልችልም ብትል ግን ልጄ በክፍሉ ፊት ውሸታም ትሆናለች። ያን አፏን ደግማ አትከፍተውም።"

ቤት ውስጥ በቲቪ ላይ ካሉት ሰዎች የበለጠ የምታወራ ልጅ ትምህርት ቤት ድምፅ የላትም ብሎ ማን ያስባል። ያን ሌሊት ቀኝ ትከሻዬን ለማነጋገር ሞከርኩ። መልስ አልሰጠኝም።

ሞርስ መንገድ ላይ እንጀራ፣ በርበሬና ነጠላ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ አለች። ወጣት ሳለች በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ትጨፍር እንደነበር፣ ትከሻዋን ያዩ ሰዎች ዛሬም ድረስ ያወራሉ። ችግሩ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ዘፈንና ጭፈራ ትታለች። እኔ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በሃይማኖት ጉዳይ አንነካካም፣ በምስር ጉዳይ ግን በደንብ እንግባባለን። ሄድኩና ነገሩን ሁሉ ዘከዘክሁላት።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ትቻለሁ" አለችኝ።

"አውቃለሁ እህቴ። እንድትጨፍሪ አይደለም፣ እንድትነግሪኝ ነው።"

ትንሽ አሰበች። "መንገሩ ኃጢአት አይመስለኝም። ግን ቁጭ ብዬ ነው የምነግርዎት። እጄንም አጣምሬ።"

እንዳለችውም ከሂሳብ ማሽኑ ኋላ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች፣ እጇን አጣመረች፣ እኔ በሽሮውና በምስሩ መደርደሪያ መካከል ቆምኩ።

"ትከሻዎን ወደ ኋላ ይሰብስቡት። ጋሼ፣ ያ ትከሻ አይደለም፣ ሆድዎ ነው።"

"አብረው ነው የሚሄዱት።"

"ይለያዩዋቸው። አሁን ይልቀቁት። ይልቀቁት እንጂ አይጣሉት።"

ስጥለው ክርኔ የምስሩን ጆንያ መታው። ምስሩን ለቅሜ ስነሳና እንደገና ስንቀጠቀጥ አንድ ናይጄሪያዊ ደንበኛ ገባ፤ አየኝና እንጀራውን ትቶ ስልኩን አወጣ። አምቡላንስ ሊጠራልኝ ነው። ባለሱቋ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ "ኖ፣ ኖ፣ እየተማረ ነው" ብላ በእንግሊዝኛ አረጋጋችው። ሰውየው እኔን እያየ እንጀራውን ከፍሎ እንደገና እኔን እያየ ወጣ። ባለሱቋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ "እንደዚህ አይደለም" ስትል፣ የግራ ትከሻዋ ሳታስበው ፈልቀቅ አለ። እንዴት ያለ ትከሻ ነው። ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን።

በሦስተኛው ቀን እውነቱን ነገረችኝ። "ጋሼ፣ ይህ ትከሻ አይሆንም። ትንፋሽዎ ግን ደህና ነው። ለመሆኑ ደንቡን ያውቃሉ?"

"ደንቡንማ ስሸሸው ነው የኖርኩት።"

"እንግዲያው ደንቡን ያስተምሯቸው። ትከሻውን ልጆቹ ራሳቸው ያመጡታል።"

ማክሰኞ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ ሄድኩ። ጂም ውስጥ ሃያ አራት ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል፤ ሱማሌው፣ ኔፓሉ፣ ኮንጎው፣ እዚሁ የተወለደው። ሚስ ዳና እኔንም ጫማዬን አስወለቀችኝ። ከዚያ ሰውነታችንን እንድናሟሙቅ መሬት ላይ ተኝተን ዘር እንድንሆን አዘዘች። ሄርሜላ "አባባ፣ ሲድ ሁን፤ አፈር ውስጥ ነህ" አለችኝ። በኔ ዕድሜ አፈር ውስጥ ነህ መባል ደስ አይልም፤ ቢሆንም ተኛሁ። ሚስ ዳና በጣቶቿ ዝናብ አዘነበች። ልጆቹ ቀስ እያሉ በቀሉ። እኔ አልበቀልኩም። ፀሐይም አወጣችልን፤ አልበቀልኩም። መጨረሻ ላይ አንድ ሱማሌና ሁለት ኔፓሎች ክንዴንና ክራቫቴን ይዘው ነቅለው አወጡኝ።

ተራዬ ደረሰ። ሄርሜላን አጠገቤ አቆምኩና ደንቡን ተናገርኩ። ለክፍሉ ሁሉ፣ ያለ ሹክሹክታ፣ ደረቷን ነፍታ ተረጎመችው።

"እስክስታ ብቻን አይጨፈርም" አልኩ። "አንድ ሰው ፊትህ መጥቶ ትከሻውን ከነቀነቀልህ ተነስተህ ትመልስለታለህ። ዝም ብሎ መቀመጥ ሰውን መናቅ ነው። ከመለስክለት እሱ ይቀመጣል፤ አንተ ደግሞ ሄደህ ሌላ ሰው ታስነሳለህ።"

እጆች ወጡ። ሄርሜላ ጥያቄዎቹን አመጣችልኝ።

"ትልቅ ሰውም ይነሳል ወይ ይላሉ።"

"ትልቅ ሰውም ይነሳል።"

"እየበላ ከሆነስ?"

"የጎረሰውን ዋጥ አድርጎ ይነሳል።"

"እምቢ ካለስ?"

እዚህ ላይ ምላሴን በቆረጠው። "እስኪነሳ ድረስ ፊቱ ትቆማላችሁ" አልኩ።

ትከሻውን ያሳየችው ሄርሜላ ናት፤ በየሰርጉ አይታዋለች። እኔ ከኋላ ቆሜ ክራቫቴን እያስተካከልኩ፣ "እንደሷ፣ እንደሷ" እላለሁ። ሰባት ዓመት የሆነው ሰው ትከሻ አጥንት ያለው አይመስልም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሃያ አራቱም ይንቀጠቀጡ ነበር። ማንም አንተም ጨፍር ሳይለኝ ሰዓቱ አለቀ። ከባለሱቋ ምክር የተነሳ ዳንኩ ብዬ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ ዕለት ምሳ ቤቱ ቆመ። አንዲት ትንሽ ልጅ ሾርባ የምታወጣዋ ሴትዮ ፊት ሳህኗን ይዛ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሴትዮዋ ሳቀችና ሾርባውን ጨለፈች፤ ልጅቷ ግን ሳህኑን አልዘረጋችም። ቆመች። ከኋላዋ ያሉት ስልሳ ልጆችም ቆሙ። ሴትዮዋ ጭልፋዋን አስቀምጣ ነቀነቀች። ከዚያ ተራው የሷ ነውና ሌላ ማስነሳት አለብሽ አሏት፤ ጽዳት ሠራተኛውን አስነሳች፣ እሱ የሒሳብ አስተማሪውን፣ የሒሳብ አስተማሪው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስተኛ ክፍልን በሙሉ።

ሐሙስ ቢጫው አውቶብስ አልተንቀሳቀሰም። ልጆች ቆመው ከሆነ ሾፌሩ መንዳት አይፈቀድለትም። ልጆቹ ደግሞ እሱ ካልመለሰላቸው መቀመጥ አይፈቀድላቸውም፤ እኔ ነኝ ያልፈቀድኩላቸው። ሾፌሩ ግዙፍ ሰው ነው፣ ሳቅ አያውቅም። ሁለቱ ሕጎች ፊት ለፊት ተፋጠው ለሃያ ደቂቃ ቆዩ። በመጨረሻ መሪውን እንደያዘ ትከሻውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አደረገ፤ ልጆቹ ተቀመጡ። ቀጥሎ በሬዲዮኑ ከፊቱ ያለውን አውቶብስ ሾፌር ሲጠራ ሰምቻለሁ ያሉ አሉ።

ዓርብን በዓይኔ አየሁ። ልጆች መንገድ የምታሻግረዋ አሮጊት መሐል መንገድ ላይ ቆማ፣ ስቶፕ የሚለውን ቀይ ሰሌዳ በቀኝ እጇ ከፍ አድርጋ፣ አንድ ልጅ ፊቷ ቆሞ ሲነቀንቅ እሷም ትነቀንቃለች። ሰሌዳውም ይነቀንቃል። በሁለቱም በኩል መኪናው ተሰልፏል፤ ማንም ጥሩምባ አልነፋም፣ ምክንያቱም ሰሌዳው ስቶፕ ይላል። እኔ ከአንድ ዛፍ ኋላ ሆኜ አለፍኩ።

ሰኞ ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ሄርሜላ ለማስተርጎም አጠገቤ ተቀመጠች፤ እግሯ ወለሉን አይነካም። ዳይሬክተሩ ደከም ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። አንድ ቃል ሳይናገር በሩ ተንኳኳና አንድ ልጅ ከክፍል ወረቀት ይዞ ገባ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ነቀነቀ። ዳይሬክተሩ ዓይኑን ጨፈነ፣ ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ፊት ይዞ ትከሻውን ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ልጁ አመስግኖ ወጣ። አሁን ዳይሬክተሩ ሌላ ሰው ማስነሳት አለበት። ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና ሄርሜላ ነን። ጠረጴዛውን ዞሮ ወደ እኔ መጣ።

ሕፃን ፈለግሁ፤ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መብራት ብድግ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩና ብርሃኑን ወደ ፊቱ አዞርኩት። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። እኔም መብራቱን ይዤ ቆምኩ። ሄርሜላ ሁለታችንን ታያለች።

"አባባ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ?"

"ዛሬ አይሆንም በዪው" አልኳት፤ አፌ ላይ የመጣልኝን። "የጀመረው ሰው በትንሽ ቢሮ አይጨርስም። በአደባባይ፣ ወላጅ በተሰበሰበበት ነው የሚዘጋው።"

ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። መብራቱን ከእጄ ቀስ ብሎ ተቀበለኝ። "ስለዚህ ማብቂያ አለው?" አለ። አለው አልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጭፈራ ክፍሎቹ ለወላጆች የሚያሳዩበት ቀን ነበረ። ዳይሬክተሩ ውሉን ቆረጠ፤ እስከዚያ ማንም ማንንም አያስነሳም፣ በዚያን ቀን እኔ እዘጋዋለሁ፤ ካልዘጋሁት ግን ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሰጠው የጭፈራ ትምህርት ይቆማል። ሄርሜላ ይህን የመጨረሻውን ስትተረጉምልኝ ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። አፏን ያስከፈታት ይኸው የጭፈራ ክፍል ነው።

ለባለሱቋ ስነግራት ምስር መስፈሯን አቆመች። "በገዛ አፍዎ፣ ጋሼ?"

"በገዛ አፌ።"

"እንግዲህ ትንፋሹን እንሥራ" አለችና እጇን አጣመረች።

ቀኑ ደረሰ። ጂሙ በወንበር ሞልቷል። ሰናይት ኦፍ ወስዳ ፊት ተቀምጣለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያገሬ ሰዎች አሉ፤ መካከላቸው ሪከንባከር አብሮኝ ሣጥን ሲያነሳ የኖረው አበራ። አበራ ከእኔ ጋር ያልሄደበት ሰርግ የለም። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ጀመረ።

"አንተ ሰውዬ፣ ድንኳኑን ከየት በኩል ልትተክለው ነው?"

"ዝም በል፣ አበራ።"

"መብራቱን እኔ ልያዝልህ እንዴ?"

ባለሱቋ ጥግ ላይ፣ እጇን እንዳጣመረች ተቀምጣለች። ሱቋን ዘግታ ነው የመጣችው።

ሄርሜላ ማይክሮፎኑን ይዛ ወጣች። ጮክ ብላ፣ ጥርሶቿ በነበሩበት በኩል ነፋስ እያወጣች ስለ እኔ ተናገረች። እኔ የገባኝ ግራንድፓና ኢትዮጵያ የሚሉት ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ረድፍ ግን ሁሉም ገብቶታል። "በኢትዮጵያ አንደኛ?" አለ አበራ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ረድፉም አብሮት ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ እኔንም ብትጠይቁኝ ያስቃል። ሄርሜላ ግን አየቻቸው። የጀመረችው ቃል መሐል ላይ ቀረ። ማይክሮፎኑ ወደ ታች ወረደ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። ሃያ አራቱ ልጆች ፊቴ ተሰልፈው ነቀነቁልኝ። መመለስ አለብኝ። ትከሻዬን ሰበሰብኩ፤ ለቀቅሁ። ምንም። እንደገና። ሆዴ ሄደ፣ ትከሻዬ ቀረ። አንድ ሕፃን የሆነ ቦታ አለቀሰ፤ ሄጄ ብታቀፈው ብዬ ተመኘሁ።

ያኔ ከጥጉ ጭብጨባ መጣ። ቀስ ያለ፣ ደረቅ፣ ልክ ያለው ጭብጨባ። ባለሱቋ ናት። ከወንበሯ አልተነሳችም፣ ትከሻዋ አልተነቃነቀም፤ በቤተ ክርስቲያኗ ማጨብጨብ ይፈቀዳል፣ እሱኑ ይዛ ገባችበት። ከዚያ ሱቋ ውስጥ እንደምትጣራው ተጣራች።

"ጋሼ፣ ትከሻውን ይተዉት። ትንፋሽ።"

ቀጥ ብዬ ቆሜ ተነፈስኩ። እስስ። እስስ። በጭብጨባው ላይ። ልጆቹ ሰሙት፤ ይህን አላስተማርኳቸውም ነበር፣ ወዲያው ያዙት። ሃያ አራት ትንሽ ደረት አንድ ላይ እስስ ሲል ጂሙ እንደ ድስት ክዳን ይርገበገብ ጀመር። ትንፋሹ ከኔ፣ ትከሻው ከነሱ። ለማያውቅ ሰው ጌታው ቆሞ አገልጋዮቹ የሚጨፍሩለት ይመስላል። አንድ ወላጅ በአድናቆት ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ።

ሄርሜላ ማይክሮፎኑን መሬት ላይ አኖረች። ከመድረኩ ወረደችና ቀጥ ብላ ሦስተኛው ረድፍ ሄዳ አበራ ፊት ቆመች። ነቀነቀችለት። አበራ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየ። እሷ ቆማለች። "ተነስ እንጂ" አለችው በአማርኛ፣ ጂሙ ሁሉ እየሰማት፤ "ቁጭ ማለት ንቀት ነው።"

አበራ ተነሳ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማ። መልሶላት ሲያበቃ ሰናይትን አስነሳ፣ ሰናይት አንዲት ኔፓላዊት አያት፣ አያቲቱ ሾርባ የምታወጣዋን፣ እሷ ዳይሬክተሩን። ዳይሬክተሩ ይህን ጊዜ ኮቱን እንኳ ሳይቆልፍ ተነሳ። የአውቶብሱ ሾፌር መቼ እንደገባ አላየሁም፣ ሲነቀንቅ ግን አየሁት። ወንበር የሚቀመጥበት ሰው አጣ።

ግራ እጄን አነሳሁ። ጭብጨባው ቆመ። "በቃ" አልኩ። ሁሉም ተቀመጠ። ተዘጋ። በማግስቱ አውቶብሱ በሰዓቱ ሄደ፤ የማክሰኞው ትምህርትም አልቆመም።

ስለ ትከሻዬ ከጠየቃችሁ፣ ግራው አንድ ጊዜ የሄደ መስሎኛል። ቀኙ እኔን አልጠራችሁኝም ይላል።

ሰው ሲበተን ሚስ ዳና እየሮጠች መጥታ ሁለት እጄን ያዘችኝ። ለሚመጣው ዓመት፣ ለሁሉም ክፍል፣ በየሳምንቱ፤ ይህን ያህሉ በጣቶቿ ገባኝ። አፌን ልከፍት ስል ሄርሜላ መካከላችን ገባች። እኔ ምን በዪ ሳልላት፣ ሳትዞርልኝ፣ ራሷ ትናገር ጀመር። ረጅም ተናገረች። ሚስ ዳና አንዴ ወደ እኔ ታያለች፣ አንዴ ወደ እሷ፤ መጨረሻ ላይ በርከክ ብላ አቀፈቻት።

ባለሱቋ አጠገቤ ቆማ ስትሰማ ነበር። እንግሊዝኛ ከኔ ትሻላለች።

"ምን አለቻት?" አልኳት።

"'አያቴ አልችልም ሲል እውነቱን ነበር፣ ዛሬ አየሁት። በትክክል ያልተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ' አለቻት።"

"እሺ።"

"'ለሚመጣው ዓመት እኔ አስተምራለሁ፤ እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል' አለቻት።"

ቁጭ ብሎ መተንፈስ አያቅተኝም። እጇን አጣምራ ይህን ያስተማረችኝ ባለሱቅ ጥሩወርቅ ትባላለች።